መሪው በማን እጅ ነበር

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላልና ከመኪናዋ ግዢ እንጀምር። ዴኦሊንዳና ባሏ አማዴው ከፖርቱጋል ተነሥተው ሉክሰምበርግ ከገቡ አሥራ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። እሱ በግንበኝነት፣ እሷ የሰው ቤት በማጽዳት ነው የሚተዳደሩት። በዚህ ሁሉ ዘመን ሦስት መኪና ገዝተዋል። ሦስቱንም የመረጡላቸው ግን ውስጣቸው ገብተው ተቀምጠው የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ተራራ ሥር የተወሸቀችው የትውልድ መንደራቸው የፍሬሼዳ ሰዎች።

ሦስተኛዋ ስትመረጥ ዴኦሊንዳ አብራ ነበረች። ዓይኗን የጣለችው ከመኪና መሸጫው በር አጠገብ በቆመች ትንሽ ቀይ መኪና ላይ ነው። የምታጸዳቸው ቤቶች ያሉት ጠባብ ዳገት ላይ ነውና ማቆሚያ ፍለጋ ስትዞር ግማሽ ቀኗ ይሄዳል።

«ይቺ ትበቃናለች» አለች። «ነዳጅም አትጠጣም።»

«ይቺ?» አለ አማዴው፣ ሻጩ እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይቺን ይዤ ነው አደባባዩ ላይ የምቆመው? ቤልሚሩ ግማሿን የት ጣልካት አይለኝም?»

ቤልሚሩ ታላቅ ወንድሙ ነው። ፓሪስ አጠገብ ነው የሚኖረው። ባለፈው ነሐሴ ጣሪያዋ የሚከፈት መኪና ይዞ ፍሬሼዳ ገብቶ፣ ወሩን ሙሉ ከጣሪያው በቀር ሌላ ወሬ እንዳይወራ አድርጎ ነበር። አማዴው ያን ወር እንዴት እንደገፋው ሚስቱ ታውቃለች። እህል አልወርድልህ እንዳለው ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የከረመው።

ሻጩ ጨዋ ሰው ነው። «ለምን አገልግሎት ነው የምትፈልጓት?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ለነሐሴ» አለ አማዴው።

ሰውየው ግራ ገብቶት ወደ ዴኦሊንዳ ዞረ። እሷ ወለሉን ታያለች። ምን ትበል? ባሏ እውነቱን ነው የተናገረው። ከእነሱ መንደር ወጥቶ በሰው አገር ሲሚንቶ የሚያቦካ ሰው አሥራ አንዱን ወር የሚኖረው ለአሥራ ሁለተኛው፣ ለዕረፍት አገሩ ለሚገባበት ለነሐሴ ነው፤ ያ ደግሞ ለሉክሰምበርግ መኪና ሻጭ በምን ቋንቋ ይነገራል? አማዴው ጥቁር ሰማያዊ፣ ረጅም፣ ወንበሯ ነጭ ቆዳ የለበሰ መኪና መርጦ ወጣ።

አሥራ አንዱን ወር የምትነዳት ግን ዴኦሊንዳ ሆነች። አማዴው ጧት ጧት ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በድርጅቱ መኪና ተሳፍሮ ይሄዳል። እሷ ነጩ ቆዳ እንዳይበላሽ ባልዲዋንና መወልወያዋን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ያቺን መርከብ የምታክል መኪና በየጠባቡ ዳገት ታሽከረክራለች፤ ስፖኪዮዋን አጥፋ በግድግዳና በግድግዳ መካከል ታሾልካታለች። መንጃ ፈቃድ ያወጣችው በአማዴው ፈቃድ ነው። «እዚህ ሁሉም ሴት ይነዳል፤ ንጂ» ብሏታል። በሁለት ዓመት ውስጥ የመኪናዋን ጠባይ የባሏን ጠባይ ያህል አወቀችው።

ፍሬሼዳ ግን ሌላ ሕግ ነው ያለው። ለዕረፍት ሲሄዱ ፈረንሳይንና ስፔንን እየተቀያየሩ ይነዳሉ። የፖርቱጋልን ድንበር ካለፉ በኋላ፣ መንደር ሳይደርሱ፣ አንድ ወንዝ ዳር ይቆማሉ። ከአውሮፓ ሁሉ የሚመጡት የአካባቢው ልጆች እዚያ ይቆማሉ፤ የሦስት አገር አቧራና የሞተ ዝንብ ከመኪናቸው ላይ ያጥባሉ፣ ፊታቸውን ይላጫሉ፣ ከረባት ያስራሉ። ከዚያ ጥሩንባ እየነፉ መንደር ይገባሉ። ዴኦሊንዳም እዚያው ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የደህናውን ጫማ ታደርግና ጋቢና ትቀመጣለች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ ታጣጥፋለች። መሪ ነክታ እንደምታውቅ ከመንደሩ ሰው አንድም የሚያውቅ የለም። አማዴው መጠጥ ቤት ገብቶ፣ «በአንድ ትንፋሽ! ከሉክሰምበርግ እዚህ በአንድ ትንፋሽ!» ሲል እሷ በአጠገቡ ካለች ፈገግ ትላለች። ቀልድ ነበር፤ የሁለቱ ብቻ የሆነ ቀልድ፣ እሷም አልጠላችውም።

የዘንድሮው ጉዞ ከመነሻው አላማራትም። አማዴው ከፋሲካ ወዲህ ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ ይቆማል። «ጨጓራ ነው» ይላል። ሐኪሙ የልብ ሐኪም ዘንድ ሂድ ብሎታል፤ እሱ ግን «ከነሐሴ በኋላ» አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አማዴው ደግሞ ነሐሴን ይዟል። ሴት ልጃቸው ልትወልድ ስለተቃረበች ሉክሰምበርግ ቀረች፤ ሁለቱ ብቻ ተነሡ። ቦርዶ ላይ ሲደርሱ አማዴው ሳይለመን፣ ሳይከራከር ቁልፉን ሰጣት። ሌላ ጊዜ ቢሆን መሪውን ከእጁ ለማስለቀቅ የአንድ ማደያ ሙሉ ጭቅጭቅ ይፈልጋል። ሲሰጣት ደስ አላላትም፤ ፈራች።

ስፔን ሲገቡ ነጋ። ቫያዶሊድን ሲያልፉ ፀሐዩ አናት መብሳት ጀመረ። አማዴው ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ ዓይኑን ጨፍኗል፤ እንቅልፍ ግን አይደለም። ግራ ክንዱን በቀኝ እጁ ያሻል። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍፍ ብሏል፤ ፊቱ የሚያቦካውን ሲሚንቶ መስሏል።

«አመመህ?» አለችው።

«መንገዱን እዪ።»

«መንገዱን እያየሁ ነው። አንተንም እያየሁ ነው።»

«ትናንት የበላነው ቋሊማ ነው። ስንደርስ እናቴ አንድ ነገር አፍልታ ትሰጠኛለች፣ ይለቀኛል።»

ሳሞራ ከተማ መግቢያ ላይ፣ መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ፊት፣ ሆስፒታል የሚል ሰማያዊ ሰሌዳ ቆሟል። ዴኦሊንዳ በየዓመቱ ስታልፍ ያን ሰሌዳ ልብ ብላው አታውቅም፤ ዛሬ ግን ከሩቅ ነው ያየችው። ፍጥነቷን ቀነሰች። ወደ ቀኝ ፍሬቻ አበራች። የፍሬቻው ቀጭ ቀጭ ሲሰማ አማዴው ዓይኑን ገለጠ።

«ወዴት ነሽ?»

«ሐኪም አንድ ጊዜ ብቻ ይይህ። መርፌ ይወጉሃል፣ እንሄዳለን።»

«አጥፊው።»

«አማዴው፣ ፊትህን በመስታወት አይተኸዋል?»

«አጥፊው አልኩሽ! ነገ የእመቤታችን በዓል ነው። እናቴ ከጧት ጀምራ በር ላይ ቁጭ ብላለች። ቤልሚሩ አደባባዩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። እኔን በቃሬዛ ልታስገቢኝ ነው? መኪናዬን ማን ያስገባታል? አንቺ ልትሆኚ ነው?»

«እኔ ብሆንስ?»

አማዴው አያት። ከዚያ ቁጣው ሁሉ ወረደና እንደ ልጅ ለመናት። «ዴኦሊንዳ፣ እኔ ሌላ ምን አለኝ? ዓመቱን ሙሉ ጎንበስ ብዬ ነው የምውለው። አንድ ቀን ቀና ብዬ ልግባ። ከበዓሉ በኋላ ወዳልሽው ሐኪም ውሰጂኝ፤ ቃሌ ነው። አሁን ቀጥ ብለሽ ንጂ።»

ከኋላ የጭነት መኪና ጥሩንባውን ለቀቀባት። ዴኦሊንዳ ፍሬቻውን አጠፋችና ቀጥ ብላ ነዳች። ልብ በሉ፤ እሱ መሪውን አልነካባትም፣ እጇንም አልያዘም። ከወንበሩ ቀና ለማለት እንኳ አቅም አልነበረውም። ማርሹ፣ ፍሬኑ፣ መሪው፣ ሁሉም በእሷ እጅና እግር ሥር ነበር። ሰሌዳው በቀኝ በኩል ሲያልፍ እግሯ ነዳጁን ረገጠ።

ድንበሩ ላይ ፖርቱጋላዊው ፖሊስ ፓስፖርታቸውን አገላበጠና አጎንብሶ አማዴውን አየው። «አሃ! ሴትዮዋን ሹፌር አድርገሃት መጣህ?» ብሎ ሳቀ። «ግድ የለም፣ እኔ አልናገርብህም።» አማዴውም አብሮ ሳቀ። በዚያ ሁኔታው እንዴት እንደሳቀ እግዜር ይወቅ።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ዴኦሊንዳ ለመነችው። «ዛሬስ ይቅር። አቧራ ሰው ገደለ?»

«አቧራ ለብሼ?» አለ።

ባልዲውን ይዛ ወረደች። ውሃ እየቀዳች ጣሪያውን፣ ጎኑን፣ ጎማውን አጠበች። የሰው ቤት ወለል ስታጥብ እንዲህ ተቻኩላ አታውቅም። አማዴው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ፣ «እዚያ ጋ ቀርቶሻል፤ ከታርጋው በላይ» ይላል። ስትጨርስ ተነሣና ጨርቁን ተቀብሏት የፊቱን መስታወት ራሱ ወለወለው። በየመሐሉ ይቆማል። ከረባቱን ሊያስር ሲል ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት፤ እሷ አሰረችለት። አንገቱ እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር።

«ደረስን እኮ» አላት። «ምን ያስለቅስሻል?»

ጫማዋን ቀየረችና ጋቢና ገባች። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። እጆቿ ግን አልተኙላትም፤ በየመታጠፊያው መሪውን ለመያዝ ይነሡ ነበር።

አማዴው አገባቡን አሳመረው። ከመንደሩ መግቢያ ጀምሮ ጥሩንባውን ለቀቀው፤ ልጆች ከየቤቱ ፈልቀው ከኋላ ሮጡ፤ ውሾች ጮኹ። ጠባቡ መንገድ ላይ ሲደርስ፣ አምና ስፖኪዮዋን ግድግዳ ፍቆበት ነበርና ዘንድሮ አጠፈውና ሳይነካ አለፈ። በእናቱ በር ፊት ሲያልፍ ሁለት ጊዜ አጭር ጥሩንባ አሰማ፤ አሮጊቷ ፌሊዝሚና ከበርጩማዋ ላይ ሆና እጇን አነሣች። አደባባዩ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ፊት፣ ከቤልሚሩ መኪና አጠገብ፣ መስመር ጠብቆ ቆመ። ሞተሩን አጠፋ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ።

ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ኮፈኑን መታ መታ ያደርጋል፣ ሌላው ጎማውን ያያል፣ ሴቶች ነጩን ወንበር በመስኮት ይነካሉ።

«አቤት ርዝመቷ! ጅራቷ ገና ስፔን ነው ያለው?»

«አማዴው ውረድ እንጂ! በር የሚከፍትልህ አሽከር ትጠብቃለህ?»

«ኩራቱን እዩልኝ! ዘንድሮ ሰላምታ በቀጠሮ ሆኗል!»

ቤልሚሩ ብርጭቆውን እንደያዘ መጥቶ በመስኮቱ ጎንበስ አለ። የወንድሙን ትከሻ ቸብ አደረገውና ሁልጊዜ የሚጠየቀውን ጠየቀው። «ስንት ሰዓት ፈጀብህ?»

አማዴው መሪውን በሁለት እጁ እንደጨበጠ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ያያል። ዴኦሊንዳ ጎኑ ላይ ናት። የከረባቱ ቋጠሮ ከፍ ዝቅ እንደማይል ያየችው እሷ ናት። ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣትም። ሰዉ ገና ይስቃል። አንዱ ልጅ ባሏ ባጸዳው መስታወት ላይ አፍንጫውን ለጥፎ ወደ ውስጥ ያያል። ድምፅዋ የመጣው ቤልሚሩ ደግሞ ቸብ ሲያደርገውና አማዴው ወደ እሷ ሲያዘነብል ነው።

ሬሳው እናቱ ቤት አደረ። በማግስቱ የበዓሉ ደወል ቀርቶ የሐዘን ደወል ተደወለ። ሴቶቹ ሳሎን ውስጥ ጥቁር ለብሰው ተደርድረዋል፤ ወንዶቹ ግቢ ውስጥ ቆመዋል። ቤልሚሩ ዓይኑ ቀልቶ ለመጣው ሁሉ ይናገራል፤ «በአንድ ትንፋሽ! ወንድሜ ከሉክሰምበርግ ብቻውን፣ ሳይተኛ ነድቶ፣ መኪናዋን አቁሞ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ ነው የሞተው! እንዲህ ያለ ወንድ አይታችኋል?» ይህን ሲል ያለቅሳል፤ ሰውም አብሮት ያለቅሳል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ሳሎን ውስጥ ግን ወሬው ሌላ ነው። ኤርሜሊንዳ የምትባል ጎረቤት፣ ምላሷ ከመርፌ የሚሾል ሴት፣ ዴኦሊንዳ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች።

«ምነው ልጄ፣ አንድ ቦታ እንኳ አረፍ በል አትይውም ነበር?»

ዴኦሊንዳ ጥቁር ሻርፗን ወደ ግንባሯ ስትስብ ኤርሜሊንዳ ይባስ ጠጋ አለቻት።

«እሱ እየሞተ ሲነዳ አንቺ አጠገቡ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ተዪያት፣ ሐዘንተኛ ናት» አለች አንዷ። ሌላዋ ቀስ ብላ፣ ግን እንዲሰማ አድርጋ፣ «አንገት ደፊ አገር አጥፊ» አለች።

ዴኦሊንዳ፣ «ነድቻለሁ! ከቦርዶ እስከ ወንዙ እኔ ነኝ የነዳሁት!» ብላ ብትጮህ አፋቸው በአንድ ጊዜ ይዘጋል። ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ታውቀዋለች። አንቺ ከነዳሽ ሳሞራን ያለፍሽው አንቺ ነሽ። መንደርተኛው የጠና ሕመም ሲገጥመው ድንበር ተሻግሮ ወደዚያው ሆስፒታል ነው የሚሮጠው፤ መንገዱን ሕፃኑም ያውቀዋል። ከአንዱ ሐሜት የሚያወጣት እውነት ከዚያ ወደ ባሰ ይከታታል። ደግሞም ከሰው ሐሜት በላይ፣ ትናንት ከሰዓት ጀምሮ ያ የፍሬቻ ቀጭ ቀጭ ጆሮዋ ውስጥ አላቆመም።

ሬሳው ሊወጣ ሲል አሮጊቷ ፌሊዝሚና በጣቷ ጠራቻትና ወደ ጓዳ ይዛት ገባች። በሩን ዘጋችው። ከትናንት ጀምሮ እንባ አላወጣችም። ወገቧ ጎብጧል፤ ዓይኗ ግን ያው የድሮው ነው።

«ልጄ መንገድ ላይ ተኝቷል?» አለች።

«ትንሽ ተኝቷል፣ እማማ።»

«ሲተኛ መኪናዋን ማን ነዳት?»

ዴኦሊንዳ አንገቷን ደፋች። ጓዳው የድንች ሽታ ይሸታል። ውጭ ቤልሚሩ፣ «በአንድ ትንፋሽ!» ሲል ይሰማል።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ከየት እስከ የት?»

«ከቦርዶ እስከ ወንዙ።»

አሮጊቷ መንገዱን በልቧ ስትከተለው ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። እዚያች ከተማ ላይ ስትደርስ ቆመች። «በሳሞራ በኩል ነው የሚመጣው።»

«አዎ፣ እማማ።»

«አሞት ነበር?»

«አሞት ነበር። ልታጠፍ ፍሬቻ አብርቼ ነበር። አጥፊው አለኝ። እርስዎ በር ላይ ተቀምጠው እንደሚጠብቁት፣ ቤልሚሩ እንደሚያየው... ለመነኝ፣ እማማ። እንደ ልጅ ለመነኝ። መሪው በእኔ እጅ ነበር፤ እኔ ግን ቀጥ ብዬ ነዳሁ። እኔ ነኝ የገደልኩት።» ተንበረከከች። ጥፊ ትጠብቅ ነበር፤ ጥፊ ቢመጣ ደስታዋ ነበር።

አሮጊቷ አልመታቻትም። አላነሣቻትምም። ግድግዳውን ይዛ፣ «ለሌላ ለማን ነግረሻል?» አለች።

«ለማንም።»

«እንግዲያው ለማንም አትነግሪም። ለልጄ የቀረለት ስሙ ነው። ሚስቱ እየነዳችው እንደ ጆንያ መጣ፣ ወንዙ ጋ ሲደርስ ወንድ ሆነ፣ ይባልልሽ? ይህ መንደር ለመቶ ዓመት ሲስቅበት ይኑር?»

«እነሱ እኔን ነው የሚሉት፣ እማማ። አጠገቡ ተኝታ ገደለችው ነው የሚሉት።»

«ይበሉ» አለች ፌሊዝሚና። «አንቺ ትሄጃለሽ። እሱ እዚህ ነው የሚቀረው።»

በሩን ከፈተችና የዴኦሊንዳን ክንድ ይዛ ወጣች። እጇ የአሮጊት እጅ አይመስልም፤ ጣቶቿ ሥጋዋ ውስጥ ገቡ። ሣጥኑን ሊያነሡ የመጡት ወንዶች ሳሎኑ መሐል ቆመዋል፤ ቤልሚሩ ራስጌውን ይዟል። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው ሁለቱን አዩ። ኤርሜሊንዳ አሁንም አልተወችም።

«እስቲ ንገሪን እንጂ፣ ፌሊዝሚና። ምን አለችሽ? ያን ሁሉ መንገድ ሲነዳ ምን ትሠራ ነበር?»

«ተኝታ ነበር» አለች አሮጊቷ፣ ግቢው ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «ልጄ አዘነላትና አልቀሰቀሳትም።»

ከሴቶቹ መካከል አንዷ፣ «ወይ ጉድ!» አለች። ቤልሚሩ ከሣጥኑ በላይ ቀና ብሎ ዴኦሊንዳን አያት፤ እንዲህ ባለ ዓይን አይቷት አያውቅም። አሮጊቷ ክንዷን ጨመቅ አደረገችው።

«አዎ» አለች ዴኦሊንዳ። «ተኝቼ ነበር።»